ጧሪ፣ ቀባሪ፣ አስታማሚ፦ የማኅበራዊ ዋስትና ቃላት ታሪክ በአማርኛና በስዋሂሊ

1. መነሻ

በአማርኛ ልጅ ሳይወልድ ያረጀ ሰው ሲታዘንለት «ጧሪ ቀባሪ የለውም» ይባላል። ጥምር ቃሉ ሁለት ግዴታዎችን ይዟል፤ ወላጅን በእርጅናው መደገፍና ሲሞት በወግ መቅበር። ከሁለቱ በፊት ግን ሌላ ዘመን ሊመጣ ይችላል። ሰው ሳያረጅ ይታመማል፤ ሳይሞትም ሳይድንም ለዓመታት ይኖራል። በዚህ ዘመን ከአጠገቡ የሚቆመው ሰው አስታማሚ ይባላል። ቃሉ በየቤቱ የታወቀ ቢሆንም በጥምር ቃሉ ውስጥ አልገባም።

ይህ ጽሑፍ የሦስቱን ቃላት ታሪክ ከስዋሂሊ አቻዎቻቸው ጋር እያነጻጸረ ይከተላል። የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ጧሪነት ጡረታ ሆኖ ወደ ሕግ ገብቷል፤ ቀባሪነት በእድር አማካይነት የራሱን ድርጅት አግኝቷል፤ አስታማሚነት ግን ከቤት ደጃፍ አልወጣም። በዚህም ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱት በግላቸው ሠርተው የሚያድሩ ባልና ሚስት ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ሥር በሰደደ ሕመም ሲያዝ ሌላው አስታማሚ ስለሚሆን፣ ቤቱ በአንድ ሕመም ሁለት ገቢ ያጣል። ጉዳዩ የሕግና የኢኮኖሚ መሆኑ የታወቀ ነው። የቋንቋ ጉዳይም የሚሆነው፣ ስም ያልተሰጠው ጉዳት በመመዝገቢያ ቅጽ ላይ ሣጥን ስለማይኖረው ነው።

ለንጽጽሩ ናይሮቢ የተመረጠችው ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ገበያ የሚገናኙባት ከተማ ስለሆነች ነው። በተለይ ከ1991 ወዲህ በኢስሊና በአካባቢው የሰፈሩ ኢትዮጵያውያን ልብስ በመስፋት፣ ምግብ ቤት በመክፈት፣ ፀጉር በመሥራትና በችርቻሮ ንግድ ይተዳደራሉ። የአገሪቱን የመድንና የዋስትና ደንቦች የሚሰሙት በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ነው፤ በቤታቸው የሚመካከሩባቸው ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች የአገራቸው ቋንቋዎች ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

2. ጧሪ፦ ከልጅ ወደ መንግሥት

ጡረታ የሚለው ስም ጦረ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ጧሪና ተጧሪም ከዚያው ናቸው። በመጨረሻው ያለው «-ታ» በእርዳታ፣ በትዝታና በዝምታ ላይ የምናገኘው ድርጊትን ስም የሚያደርግ ቅጥያ ነው። ስለዚህ ጡረታ በመሠረቱ «መጦር» ማለት ነው። ሕግ አውጪው ለዘመናዊው ተቋም ስም ሲፈልግ የውጭ ቃል አልተዋሰም፤ የልጅን ግዴታ ስም ወስዶ ለመንግሥት ሰጠው። በ1961 በወጣው ድንጋጌና እርሱን በተከተለው የ1963 የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት፣ መንግሥት ለአገልጋዩ እንደ ልጅ ጧሪ ሆነ።

ጧሪ ልጅ ወላጁን ሲጦር የሥራ መዝገብ አይጠይቅም። መንግሥት ግን ጧሪ የሚሆነው ለቀጠረውና መዋጮ ለተቆረጠለት ሰው ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ጡረታን ወደ ግል ድርጅት ሠራተኞች ሲያሰፋም መሠረቱ አልተለወጠም፤ ሠራተኛው 7 ከመቶ፣ አሠሪው 11 ከመቶ የሚያዋጡበት ደረጃ ላይ ደረሰ። አሠሪ የሌለው ሰው በፈቃዱ የሚገባበት በር በአዋጁ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን አሠሪ የሚያዋጣውን ድርሻ የሚከፍልለት ሌላ ወገን የለውም።

የአዋጆቹ አማርኛ ለሥነ ቃላት አጥኚ ሰፊ ማሳ ነው። አበል፣ ዳረጎት፣ ባለመብት፣ ተተኪ የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው አሮጌ ትርጉማቸውን ይዘው ወደ አዲስ ሥርዓት ገብተዋል። ዳረጎት በልማዱ የሰጪን ቸርነት የሚያመለክት ስጦታ ነበር፤ በሕጉ ግን ለጡረታ አበል የሚያበቃ አገልግሎት ላልሞላ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ሕጋዊ ክፍያ ሆነ። «የጤና ጉድለት ጡረታ» የሚለው ሐረግ ደግሞ ለጉዳያችን የቀረበ ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለና በጤና ጉድለት ምክንያት ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ አበል ያገኛል። ሲሞት በሕይወት ያለች ሚስቱ ወይም ያለ ባሏ «ተተኪ» ተብለው የአበሉን ግማሽ ይወስዳሉ።

እዚህ ላይ የቃሉን ጊዜ ልብ ይሏል። የትዳር ጓደኛ በሕጉ ላይ በራሱ ስም የሚታየው ተተኪ ሲሆን ነው፤ ተተኪ የሚሆነውም ሞት ከለየ በኋላ ነው። ሲያስታምም በቆየባቸው ዓመታት ስም የለውም።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም ተመሳሳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2019 ለታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ የሚከፈልባቸው ናቸው፤ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በኬንያ የ2007ቱ የሥራ ቅጥር ሕግ ቢያንስ 7 ቀን ሙሉ፣ 7 ቀን ደግሞ ግማሽ ክፍያ ያስገኛል። ክፍያው የተንጠለጠለው «ፈቃድ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ፈቃድ ሰጪና ተቀባይ ይፈልጋል። በኢስሊ አንዲት ልብስ ሰፊ ስትታመም የሕመም ፈቃድ የምትጠይቀው ማንን ነው?

3. ቀባሪ፦ እድርና ማታንጋ

መንግሥት ጧሪነትን ሲወስድ ቀባሪነትን የወሰደው ጎረቤት ነው። እድር ከከተማ መስፋፋት ጋር ያደገ የመረዳጃ ማኅበር ነው፤ ዘመድ በሩቅ የቀረበት የከተማ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ወርኃዊ መዋጮ እያዋጣ ቀባሪውን አስቀድሞ ያዘጋጅበታል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ጡሩንባው፣ በለቅሶ ቤት የሚያድረው ሰው፣ ሁሉም በመተዳደሪያ ደንብ የተጻፈ ነው። የእድር አባልነት የሥራ ቅጥርን አይጠይቅም፤ ጉሊት የምትቸረችረውም ሴት የቢሮ ኃላፊውም እኩል ያዋጣሉ። በዚህ ረገድ እድር ከጡረታ አዋጅ ይልቅ ሰፊ በር አለው።

ናይሮቢም የራሷ ቃላት አሏት። ማታንጋ የለቅሶ ስብስብ ነው። ሀራምቤ «በአንድነት እንሳብ» ከሚል የጋራ ሥራ ጥሪ ተነሥቶ በ1963 በጆሞ ኬንያታ አንደበት የነጻነት መፈክር ሆነ፤ በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ የተሠራበት የመዋጮ ስም ነበር። ዛሬ በከተማዋ ሀራምቤ ሲባል ብዙ ጊዜ ለሠርግ፣ ለቀብርና ለሆስፒታል ሒሳብ የሚደረግ መዋጮ ነው። ቻማ የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው፤ የፖለቲካ ፓርቲም፣ አባላቱ በየተራ ገንዘብ የሚወስዱበት እንደ እቁብ ያለ ማኅበርም በዚሁ ስም ይጠራሉ።

እነዚህ ተቋማት የሚጋሩት አንድ ባሕርይ አለ። የተሠሩት ለክስተት ነው። ሞት ቀን አለው፤ ቀዶ ሕክምናም ሒሳቡ የሚታወቅ ነው። ሰው ተጠርቶ፣ ተሰብስቦ፣ አዋጥቶ ይበተናል። ስኳር፣ የኩላሊት ድካም ወይም ስትሮክ ያስከተለው ሽባነት ግን ሰው የሚጠራበት ቀን የለውም። አንዳንድ እድር ለታመመ አባል ይደጉማል፤ ነገር ግን ድጎማው ለአንድ ጊዜ ነው። በስዋሂሊ ሥር የሰደደ ሕመም ኡጎንጅዋ ሱጉ ይባላል። ሱጉ በእጅ ወይም በእግር ላይ የሚወጣ የደረቀ ቆዳ ነው። አማርኛ ሕመሙን «ሥር የሰደደ» ብሎ ከዛፍ፣ ስዋሂሊ ደግሞ «የጠጠረ» ብሎ ከቆዳ ወስዶ ሰይሞታል። ሁለቱም ምስሎች መዋጮ የማይደርስበትን ርዝመት በትክክል ይናገራሉ።

4. ስም ያጣው ሠራተኛ፦ ከአደር ወደ ጁዋ ካሊ

አማርኛ ሰውን በመተዳደሪያው ሲጠራ «አደር» የሚለውን ይጠቀማል። ወታደር፣ አርሶ አደርና አርብቶ አደር የታወቁ ናቸው። በአብዮቱ ዘመን ወዝአደርና ሠርቶ አደር ተጨመሩ፤ ሁለተኛው የጋዜጣ ስም እስከ መሆን ደረሰ። ከነዚህ ውስጥ የከተማውን ልብስ ሰፊ፣ ባለ ሱቅና ጫማ ጠጋኝ በአንድነት የሚጠራ ስም አልወጣም። የዛሬው የሕግ አማርኛ በአሉታ ይጠራቸዋል፤ «መደበኛ ባልሆነ ሥራ ላይ የተሰማሩ» ይላቸዋል። በአሉታ የተሰየመ ሰው በምን እንደሚተዳደር አልተነገረለትም፤ ምን እንደጎደለው ብቻ ነው የተነገረው።

ይህ አሉታ ከአንድ ዓለም አቀፍ ቃል የተተረጎመ ነው፤ የቃሉም መንገድ በናይሮቢ በኩል ያልፋል። ኪት ሃርት የተባለው አንትሮፖሎጂስት በጋና ጥናቱ ያቀረበውን አጠራር የዓለም ሥራ ድርጅት ወደ ኬንያ የላከው ቡድን በ1972 ባወጣው ሪፖርት ተቀብሎ ለዓለም አሰራጨው። ነገር ግን የናይሮቢ ሠራተኞች በውጭ ሰው ስም አልተጠሩም። በካሙኩንጂ ከደጅ ብረት የሚቀጠቅጡት ሰዎች ጁዋ ካሊ ተባሉ፤ «ኃይለኛ ፀሐይ» ማለት ነው። ፕሬዝዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ በ1985 ስፍራውን ከጎበኙ በኋላ ቃሉ ወደ መንግሥት አፍ ገባ፤ በ1992 ደግሞ መንግሥት ስለ አነስተኛ ድርጅቶችና ስለ ጁዋ ካሊ ልማት ባወጣው የፖሊሲ ሰነድ ርዕስ ላይ ታተመ። ስም ማግኘት መብት ማግኘት አይደለም። ሆኖም ሕግ የሚጠራው ሰው በአዎንታ የተሰየመ ሲሆን ደንብ ለማውጣት ይቀላል።

5. መድንና ቢማ

የስዋሂሊው ቢማ ከፋርስኛና ከሂንዲ ዓለም በሕንድ ውቅያኖስ ንግድ የመጣ ቃል ነው፤ የተወለደው በመርከብና በዕቃ ዙሪያ ነው። የአማርኛው መድን በሌላ መንገድ መጣ። ሥሩ የግእዙ ደኅነ ነው፤ መድኅን፣ ደኅና፣ ደኅንነትና ከሕመም ተፈወሰ የሚለው ዳነ ከዚሁ ይወጣሉ። መንግሥት የግል ኩባንያዎችን በ1975 ከወረሰ በኋላ የተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ቃሉን የተቋም ስም አደረገው። በ2010 የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ፤ በ2011 ደግሞ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ተጀመረ። የመጀመሪያው ለደመወዝተኛ፣ ሁለተኛው አሠሪ ለሌለው ቤተሰብ የታሰበ ነበር። ሁለተኛው በቤተሰብ ስለሚመዘገብ ባልና ሚስት በአንድ መታወቂያ ይታከማሉ።

የኬንያ ታሪክ ቀደም ይላል። ብሔራዊው የማኅበራዊ ዋስትና ፈንድ በ1965፣ የሆስፒታል መድን ፈንዱ በ1966 ተቋቋሙ። የሆስፒታሉ ፈንድ መጀመሪያ ለደመወዝተኞች ነበር፤ በ1972 በግሉ የሚሠራ ሰው በፈቃዱ እንዲገባ ተፈቀደ። የፈቃደኛው ወርኃዊ መዋጮ ለረጅም ጊዜ 160 ሺልንግ ከቆየ በኋላ በ2015 ወደ 500 አደገ። በ2023 የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ሕግ ፈንዱን በአዲስ ባለሥልጣን ተክቶ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ደመወዝተኛ 2.75 ከመቶ በየወሩ ይቆረጥበታል፤ ዝቅተኛው 300 ሺልንግ ነው። ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ አቅሙ ተገምቶ የዓመቱን በአንድ ጊዜ እንዲከፍል ይጠበቅበታል። ከሦስቱ አዳዲስ ፈንዶች አንዱ የድንገተኛ፣ ሥር የሰደደና ጽኑ ሕመም ፈንድ ይባላል፤ «ሥር የሰደደ» የሚለው ቃል በዚህ በተቋም ስም ውስጥ ገብቷል።

በሁለቱም አገሮች ግን መድኑ የሚከፍለው ለሐኪም ቤቱ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1952 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 102 ማኅበራዊ ዋስትናን በ9 ዘርፎች ሲከፍል ሕክምናንና የሕመም ጊዜ ክፍያን ለይቷቸዋል። የመጀመሪያው መድኃኒቱን፣ ሁለተኛው በሕመሙ ምክንያት የቀረውን ገቢ ይመለከታል። በአማርኛም በስዋሂሊም የመጀመሪያው «የጤና መድን» እና «ቢማ ያ አፍያ» የሚል ጽኑ ስም አለው። ለሁለተኛው፣ ከደመወዝተኛው የሕመም ፈቃድ ውጪ፣ በሕዝብ አፍ የገባ ቃል የለም። ኩላሊቱ የደከመ ባለ ሱቅ የእጥበቱ ሒሳብ ቢከፈልለት እንኳ፣ ለእጥበት በሚመላለስባቸው ቀናት የተዘጋውን ሱቅ የሚመለከት ዘርፍ የለውም። ገቢው ሲቋረጥ የሚቀጥለውን ዓመት መዋጮ መክፈል ያቅተዋል፤ ስለዚህ ሕመሙ ራሱ ከመድኑ ሊያስወጣው ይችላል። መድን ከዳነ ሥር የመጣ ቃል ሆኖ ሳለ የሚፈተነው በማይድን ሕመም ላይ ነው።

6. አስታማሚና ሙኡጉዚ

አስታመመ ከታመመ የወጣ የአድራጊ ቅርጽ ነው። ከአመመ የሚወጣው አሳመመ «እንዲያመው አደረገ» ማለት ሲሆን፣ አስታመመ ግን በሕመሙ ጊዜ መንከባከብን ያሳያል። «አስ-» እዚህ በድርጊቱ አብሮ መቆምን እንጂ ድርጊቱን ማምጣትን አያመለክትም። ስዋሂሊ ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። ኡጉዋ «ታመመ»፣ ኡጉዛ «አስታመመ» ነው፤ በጥንቱ ባንቱ የነበረው የ«ል» ድምፅ በኡጉዋ ላይ ጠፍቶ በአድራጊው ላይ ወደ «ዝ» ተለውጧል። ሙኡጉዚ ደግሞ አስታማሚ ነው። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቋንቋዎች ሕመምተኛን መንከባከብን በአድራጊ ግሥ መሰየማቸው ለሥነ ምዕላድ ንጽጽር መልካም ርዕስ ነው።

ልዩነቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ባለው ታሪክ ነው። ሙኡጉዚ ወደ ሆስፒታል ገብቶ የነርስ መጠሪያ ሆነ፤ ደመወዝ፣ የደንብ ልብስና የሠራተኛ ማኅበር አገኘ። አማርኛ ለነርስ የውጭውን ቃል ተዋሰ፤ አስታማሚ በቤትና በሆስፒታል ኮሪደር ቀረ። በአማርኛው ውስጥ ያለው ንጽጽርም ትኩረት ይሻል። ከተማረ አስተማሪ፣ ከታመመ አስታማሚ በአንድ የቃል አወቃቀር ይወጣሉ። አስተማሪ ደመወዝና ጡረታ ያለው ሙያ ሆነ፤ አስታማሚ አልሆነም። የስዋሂሊው ቃል ሙያ ሲሆን ደግሞ ሌላ ክፍተት ተፈጠረ፤ በቤት የምታስታምም ሚስት በስሟ ልትጠራበት የሚገባውን ቃል ደመወዝተኛዋ ወሰደችው።

ሕመሙ ሲከብድ አማርኛ «የአልጋ ቁራኛ» ይላል። ቁራኛ በቀድሞው የፍርድ ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ባለዕዳና አበዳሪ፣ ጉዳያቸው እስኪያልቅ በአንድነት የሚታሰሩበት ሥርዓት ነበር። በዘይቤው ሕመምተኛው ከአልጋው ጋር ታስሯል። በአሮጌው ሥርዓት ግን ቁራኛ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ነበር፤ አሳሪውም ከታሳሪው ጋር ይታሰር ነበር። በግላቸው የሚሠሩ ባልና ሚስት ቤት ውስጥ የቃሉ የጥንት ትርጉም ተመልሶ ይመጣል።

7. ባለቤትና ጥገኛ

አማርኛ የትዳር ጓደኛን፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ባለቤት ይላል። የሰዋስው መምህራን ደግሞ የዐረፍተ ነገሩን አድራጊ በዚሁ ቃል ጠርተውታል። በመመዝገቢያ ቅጽ ላይ ግን ከሁለቱ አንዱ ዋና አባል፣ ሌላው ጥገኛ ይባላል። በስዋሂሊ ምቴጌሜዚ፣ ተደግፎ የሚኖር፣ ማለት ነው። ለደመወዝተኛ ቤት አከፋፈሉ ሊስማማ ይችላል። ባል ልብስ ሲሰፋ ሚስት የምትሸጥበት፣ ወይም ሚስት እንጀራ ስትጋግር ባል የሚያከፋፍልበት ቤት ግን ሁለት ባለቤት ያለው ዐረፍተ ነገር ነው። አንዱን ጥገኛ ብሎ መመዝገብ የእርሱን ሥራ ከመዝገብ ማውጣት ነው። ስለዚህም ጥገኛ የተባለው ወገን ለማስታመም ሥራውን ሲያቆም የጠፋ ገቢ አይቆጠርለትም።

ሕጉ ከዚህ ጋር የማይገጥም ሌላ ገጽ አለው። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እንዲተጋገዙና እንዲደጋገፉ ያስገድዳል፤ ማስታመም በሕግ ዓይን ከቸርነት አልፎ ግዴታ ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት በ2010 አንቀጽ 43 ላይ የማኅበራዊ ዋስትናን መብት ጽፎ፣ ራሳቸውንና ጥገኞቻቸውን መደገፍ ላልቻሉ መንግሥት ተገቢውን ድጋፍ እንደሚሰጥ ይደነግጋል። በተግባር ወደ አስታማሚው የቀረበው ኢኑዋ ጃሚ በተባለው የድጋፍ መርሐ ግብር ውስጥ ያለው የጽኑ አካል ጉዳተኞች ክፍያ ነው፤ የሙሉ ጊዜ ተንከባካቢ የሚያስፈልገው ሰው ላለበት ድሃ ቤት በወር 2,000 ሺልንግ ይታሰባል። የኢትዮጵያ የከተሞች ሴፍቲኔትም መሥራት ለማይችሉ ድሆች ቀጥተኛ ድጋፍ አለው። ሁለቱም የሚከፈቱት በድህነት መስፈርት ነው። ቤቱ ያለውን ሸጦ እስኪጨርስ ድረስ በሩ ዝግ ነው።

8. ማጠቃለያ

ጡረታ የሚለው ቃል ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል። የልጅ ግዴታ የነበረው መጦር ወደ ሕግ የገባው በራሱ ስም ነው፤ ተናጋሪውም ወዲያው ተረድቶታል። ማስታመምም በተመሳሳይ መንገድ ሊገባ ይችላል። «የሕመም ጊዜ አበል» እና «የአስታማሚ አበል» የሚሉ ሐረጎች ከአማርኛ ሥርዓት ጋር የሚስማሙ፣ ያለ ማብራሪያ የሚገቡ ናቸው፤ የመጀመሪያው የታማሚውን፣ ሁለተኛው የትዳር ጓደኛውን የቀረ ገቢ ይለያል። በስዋሂሊ ሙኡጉዚ ሙያ ስለሆነ ሌላ ስም ያስፈልጋል፤ ስሙ ከተናጋሪዎቹ አፍ መሰብሰብ አለበት።

በናይሮቢም በአዲስ አበባም የጤና መድን ቅጾች ወደ አካባቢ ቋንቋዎች እየተተረጎሙ ነው። የቋንቋ ባለሙያ በዚህ ሥራ ላይ ሲጠራ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ያለቀ ቅጽ ነው፤ «ጥገኛ» ለሚለው አቻ ፈልግ ይባላል። አቻውን ከመስጠቱ በፊት ቃሉ ማንን ከመዝገብ እንደሚያስወጣ በጽሑፍ ቢያመለክት የሙያውን ድርሻ ተወጣ ማለት ነው። ለዚህ የሚረዳው የመስክ ሥራ ቀላል ነው። በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በኪኩዩ፣ በሉዎና በሌሎችም የክልሉ ቋንቋዎች የሚጦር፣ የሚቀብርና የሚያስታምም ሰው ምን እንደሚባል፣ ከሦስቱም የትኛው ወደ ተቋም እንደገባ መዝግቦ ማነጻጸር ነው። በእያንዳንዱ ቋንቋ ሦስተኛው ቃል ከቤት ወጥቶ እንደሆነ ማወቅ፣ ቅጹን ለሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤት የምንሰጠው የመጀመሪያው መልስ ይሆናል።